ቤት ሲታደስ ከየት ይጀመራል? ቀለም ለምን መጨረሻ ላይ ይመጣል?

እጅ ላይ ትንሽ ብር ሲገባ ቤት ውስጥ የሚነሳው ክርክር መቼም የታወቀ ነው፣ አንዱ ሳሎኑ ይቀባ ሴራሚኩ ይቀየር ይላል ሌላው ደግሞ ኧረ ጣሪያው እኮ ያፈሳል ይላል፣ ብዙ ጊዜ ታዲያ የሚያሸንፈው ቀለሙ ነው። ለምን ቢባል ቀለም ይታያላ። ሶሻል ሚዲያ ላይ "በፊት እና አሁን" እየተባለ የሚለቀቀው ቪዲዮ በሙሉ የሳሎንና የኪችን ነው፣ አሸንዳ ሲጠረግ ወይ ብሬከር ሲቀየር ቀርጾ ላይክ የጠገበ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እንግዳም ቢመጣ የቧንቧ መስመራችሁ እንዴት ያምራል ብሎ አያውቅም።

ችግሩ ቤትን የሚጎዳው ነገር አብዛኛው የሚጀምረው ከማይታየው በኩል መሆኑ ነው፣ ከቆርቆሮው ስር፣ ከልስኑ ጀርባ፣ ከሴራሚኩ በታች። ስለዚህ ያለንን ብር የቱ ላይ እናውጣ ለሚለው ጥያቄ የቱ ያስጠላል ብሎ ማየት ብዙ አይረዳም። የሚረዳው "ይሄ ነገር ቢቆይ ምን ያደርጋል?" ብሎ መጠየቅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

ጥገናና ማስዋብ አንድ አይደሉም እንዴ?

በወሬ ደረጃ ሁለቱንም "ቤት ማሳደስ" እንላቸዋለን ግን ስራቸው ለየቅል ነው። ጥገና ማለት ቤቱ መስራት ያለበትን ስራ እንዲሰራ ማድረግ ነው፣ ዝናብ እንዳያስገባ፣ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም፣ ሽቦው እንዳይግል፣ ፍሳሹ ወደሚሄድበት እንዲሄድ። ማስዋብ ደግሞ ቤቱ ስራውን በደንብ እየሰራ መልኩን መቀየር ነው፣ ቀለም፣ ጂፕሰም ኮርኒስ፣ አዲስ ካቢኔት፣ የሚያምር አምፖል ምናምን።

ለመለየት ከተቸገራችሁ ስራውን በሃሳብ አንድ አመት ግፉት። ፋሽኑ ያለፈበት ሴራሚክ ዘንድሮም ያስጠላል ከርሞም ያው ያስጠላል፣ ከዛ ውጪ አጠገቡ ያለውን ነገር አይነካም። የሚያፈስ ጣሪያ ግን ዘንድሮ አንድ ሚስማር ነው፣ ከርሞ ኮርኒስ ይሆናል፣ ቀጥሎ ቆርቆሮውን የተሸከመው እንጨት፣ ከዛ ኮርኒሱ ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መስመር። ማስዋብን ማቆየት ከዘመድ ያለ ወለድ እንደተበደሩት ብር ነው፣ ሲመቻችሁ ትከፍላላችሁ። ጥገናን ማቆየት ግን የአራጣ ብድር ነው፣ እናንተ ተኝታችሁም እሱ ይወልዳል።

ይሄ የወለድ ነገር የተጋነነ ከመሰላችሁ በኮንክሪት ስራ ውስጥ የታወቀ አንድ ስሌት አለ። ዴ ሲተር የሚባል ሰው በ1984 (በፈረንጆቹ) ያስቀመጠው ነው፣ የአምስት ህግ ይሉታል። መጀመሪያ ሲሰራ በደንብ ለመስራት 1 እጅ የሚወጣበት ነገር፣ ጉዳት ሳይጀምር በጥገና ለማዳን 5 እጅ ይፈጃል፣ ዝገት ከጀመረ በኋላ 25፣ ጉዳቱ ከተስፋፋ ደግሞ 125። ቁጥሩ ለእያንዳንዱ ቤት በልክ ይሰራል ማለት አይደለም፣ ግን የእድገቱን ባህሪ ያሳያል፣ የሚጨምረው በመደመር ሳይሆን በማባዛት ነው። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ነገር በስሌት ሲቀመጥ እንግዲህ ይሄን ይመስላል።

ለምንድነው ሁሌ ከውሃ የሚጀመረው?

እሳት ቢነሳ ሰፈር ሙሉ ይሮጣል። ውሃ ግን እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፣ አንድ ጠብታ ኮርኒስ ላይ ቢጫ ክብ ሰርታ ትደርቃለች፣ ክረምቱ ያልፋል ይረሳል፣ በሚቀጥለው ክረምት ክቧ ትሰፋለች። ከቤት ጥገና ውስጥ ግማሹን በአንድ ቃል ተናገር ብባል ውሃ ነው የምለው።

አንድ ሚስማር ብቻ ወስደን እንይ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሚስማሩ ወይ ብሎኑ ከጭንቅላቱ ስር ትንሽ የጎማ ቀለበት አለችው፣ ቀዳዳውን ዘግታ ውሃ የምትከለክለው እሷ ናት። ቆርቆሮው ቀን ፀሐይ ሲመታው ይለጠጣል ማታ ሲበርድ ይሰበሰባል፣ ይሄ በየቀኑ ነው፣ ሚስማሩን በየቀኑ በጥቂቱ ይነቀንቀዋል። ጎማዋ ደግሞ በፀሐይ ብዛት ትደርቅና ትሰነጠቃለች። ከዛ ውሃ በሚስማሩ ዙሪያ ይገባል፣ ሚስማሩን ተከትሎ እንጨቱ ውስጥ ይወርዳል፣ እንጨቱ ይለሰልሳል፣ የለሰለሰ እንጨት ሚስማር አይዝም፣ ሚስማሩ ከፍ ይላል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ የበለጠ ውሃ ይገባል። ቆርቆሮውን ከዝገት የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለው የዚንክ ሽፋን ነው፣ ከብረቱ በፊት ቀድሞ የሚበላው ራሱ ዚንኩ ነው፣ እሱ ሲያልቅ ግን ቡኒው ዝገት በቀዳዳው ዙሪያ ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ የጎደለው እኮ የጥፍር ያህል ጎማ ነው።

እንጨትን የሚያበሰብሰው ውሃው ራሱ አይደለም፣ በውሃው ምክንያት የሚበቅለው ፈንገስ ነው። እንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ከሆነ ፈንገሱ አይበቅልበትም፣ ለዛ ነው ደረቅ የተቀመጠ የጣሪያ እንጨት ትውልድ የሚሻገረው። ሻጋታ ደግሞ ከዚህም ይፈጥናል፣ የረጠበ ጂፕሰም ወይ ምንጣፍ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር ደግሞ አለ፣ ኮርኒሱ ላይ እድፉ ያለበት ቦታና ጣሪያው የተቀደደበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ውሃው ከገባ በኋላ እንጨቱን ተከትሎ ወደ ዝቅታው ይሄዳል፣ ከዛ የሚያቆመው ነገር ሲያገኝ ነው የሚንጠባጠበው። ስለዚህ ከእድፉ በላይ ያለውን ቦታ ብቻ ለጥፎ የሚሄድ ሰራተኛ በሚቀጥለው ዝናብ መልሳችሁ ትጠሩታላችሁ። ትክክለኛው ቀን በብርሃን ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ ብርሃን የሚያሾልክበትን ማየት ነው፣ ካልሆነም አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ እያየ ሌላው በጎማ ውሃ ከጣሪያው ታችኛ ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ ቀስ እያለ ማርጠብ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ስለሚያረጥበው የቱ እንደሚያፈስ አይታወቅም። (ጣሪያ ላይ መውጣት ያልለመደ ሰው ይሄን ለለመደ ይተውለት፣ ከጥገና ሁሉ ውዱ የእግር ጥገና ነው።)

አሁን ወደ አሸንዳው እንምጣ፣ ማንም ወደማያየው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። ጣሪያው 100 ካሬ ከሆነ 20 ሚሊ ሜትር የጣለ አንድ ጥሩ ዝናብ 2,000 ሊትር ውሃ ነው ማለት ነው፣ አስር በርሜል! አሸንዳው ንጹህ ከሆነ ይሄ ሁሉ በመውረጃው ተሰብስቦ ከቤቱ ይርቃል። ቅጠል ከዘጋው ግን ሞልቶ ይፈስና በሙሉ ግድግዳው ስር ያርፋል። እዛ ያለው አፈር ዋልካ አይነት ሸክላማ ከሆነ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል ሲደርቅ ይኮማተራል፣ አንዱ የቤቱ ጥግ ረጥቦ ሌላው ደርቆ ሲቀር መሠረቱ እኩል አይቆምም፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ከዛ ሰው ምን ያደርጋል? ስንጥቁን በስቱኮ ይሞላና ይቀባዋል። በሚቀጥለው አመት ስንጥቁ እዛው ቦታ ይመለሳል ቀለሙም ይወቀሳል ቀቢውም ይወቀሳል። አሸንዳው ላይ ያለውን ቅጠል ግን ማንም አልወቀሰውም።

መሬቱም ከቤቱ ወደ ውጪ ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። በብዙ ቦታ የሚመከረው በመጀመሪያው 3 ሜትር ውስጥ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ነው። አበባ ለመትከል ተብሎ ግድግዳ ጥግ አፈር የሚቆለልበት ቤት ተቃራኒውን ነው የሰራው፣ ያማረ ጓሮ ሆኖ ውሃውን ወደ ሳሎን ይመራል። ጣሪያው ጠፍጣፋ ኮንክሪት ከሆነ ደግሞ የመውረጃው አፍ መዘጋቱንና ውሃ የሚያቁር ቦታ መኖሩን ማየት ነው፣ ዝናቡ ካባራ ከሁለት ቀን በኋላም ያልደረቀ ኩሬ ካለ እሱ ቦታ ቀድሞ የሚያፈሰው ነው።

ግድግዳዬ ላይ ነጭ ዱቄት ይወጣል፣ ቢቀባ አይጠፋም?

አይጠፋም፣ እንደውም ይብሳል። ብሎኬትም ሸክላም ሞርታርም ውስጣቸው በአይን የማይታይ ቀጫጭን ቀዳዳ አለ፣ ከመሬት ያለው ውሃ በነዚህ ቀዳዳዎች እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ ከአፈሩና ከግድግዳው የሟሟ ጨው ይዞ ነው የሚመጣው፣ ግድግዳው ፊት ላይ ሲደርስ ውሃው ይተናል ጨው ይቀራል፣ ነጩ ዱቄት እሱ ነው። ጨው ከልስኑ ኋላ ተጠራቅሞ ክሪስታል ሲሰራ ደግሞ ቦታ ስለሚፈልግ ልስኑን ይገፋዋል፣ እየተፈረፈረ የሚወድቀው ለዛ ነው።

እዚህ ላይ ዘይት ቀለም ወይ ውሃ አያሳልፍም የተባለ ቀለም ስትለቀልቁበት መተንፈሻውን ዘጋችሁት፣ ውሃው ግን ከታች መምጣቱን አላቆመም። ወይ ቀለሙን አሳብጦ ይገሸልጠዋል ወይ ደግሞ ቀለም እስከሌለበት ድረስ ከፍ ብሎ ይወጣል።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ መለየት ነው። ከመሬት የሚሳበው እርጥበት አብዛኛውን ጊዜ ከወለል ተነስቶ አንድ ሜትር አካባቢ ድረስ ነው የሚወጣው፣ ላዩ ላይ አግድም መስመር የመሰለ ነገር ይሰራል። ከቧንቧ የሚመጣው በጋም ክረምትም አይደርቅም፣ ቦታውም ሻወር ወይ ሽንት ቤት ጀርባ ይሆናል። ከዝናብ የሚመጣው ደግሞ ከዝናብ ጋር ይመጣል ከዝናብ ጋር ይሄዳል። አራተኛው ከራሳችን የሚወጣው ነው፣ የማብሰያ እንፋሎት፣ የሻወር፣ የትንፋሽ፣ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ ወደ ውሃ ይቀየራል፣ ከቁምሳጥን ጀርባና ከጣሪያ ጥግ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሻጋታ ካያችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። ለዚህኛው መፍትሄው መስኮት መክፈትና ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ትንሽ ማራቅ ሊሆን ይችላል፣ ምንም ብር አይጠይቅም ማለት ነው። አራቱንም ግን ብዙ ጊዜ በአንድ መድሃኒት፣ በቀለም ነው የምናክማቸው።

ስንጥቅ ሁሉ ያስፈራል?

አያስፈራም። ልስን ሲደርቅ ስለሚኮማተር ጸጉር የመሰለ ስንጥቅ የሌለበት ቤት የለም፣ እሱ የመልክ ጉዳይ ነው። እንግሊዞቹ የቤት ስንጥቅን የሚመድቡበት አንድ መለኪያ አላቸው፣ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን በአብዛኛው ከመልክ ጉዳይ ይቆጥሩታል፣ ከዛ በላይ ሲሆን የቤቱን አገልግሎት ማወክ ይጀምራል፣ በር አልዘጋ ይላል መስኮት ይጣበቃል፣ ከ25 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ የቤቱ መቆም ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

ስፋት ብቻ ግን አይበቃም፣ እኔ ከስፋቱ በላይ የምፈራው የሚያድገውን ነው። የብሎኬቱን መገጣጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚወጣ፣ አንዱ ጫፉ ከሌላው የሚሰፋ፣ ወይ በእጅ ስትዳስሱት አንዱ ጎን ከሌላው ወጣ ያለ ስንጥቅ ካለ ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው። እያደገ መሆኑን ለማወቅ እርሳስ ይበቃል፦ በሁለቱም ጫፍ መስመር አስምሩና አጠገቡ ቀን ጻፉበት፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ግራና ቀኝ ነጥብ አድርጋችሁ በመካከላቸው ያለውን በማስመሪያ ለኩ፣ በየወሩ ተመልሳችሁ እዩት። ስድስት ወር ሙሉ ንቅንቅ ካላለ ሙሉትና ቀቡት። መስመሩን እያለፈ ከሄደ መሐንዲስ ጥሩ፣ ለመሐንዲስ የሚከፈለው ሁለት ጊዜ ለቀቢ ከሚከፈለው ያዋጣል።

ኮንክሪት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ኮንክሪት ውስጥ ያለው ፌሮ የማይዝገው ሲሚንቶው ዙሪያውን ስለሚጠብቀው ነው፣ አየርና ውሃ ለአመታት ሲገባበት ግን ይሄ ጥበቃ ይዳከማል። ብረት ሲዝግ ደግሞ ዝገቱ ከብረቱ ከ2 እስከ 6 እጥፍ ቦታ ይይዛል፣ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል ከዛ ቁራጩ ይወድቃል። በረንዳ ስር ወይ ዓምድ ላይ ፌሮ ፊት ለፊት ወጥቶ ካያችሁ በላዩ ላይ ሲሚንቶ መለጠፍና መቀባት ዝገቱን አያቆመውም፣ ከእይታ ብቻ ነው የሚሸሽገው።

ይሄ ነገር የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ያየነው በ2021 (በፈረንጆቹ) ነው፣ አሜሪካ ፍሎሪዳ ሰርፍሳይድ የሚባል ከተማ ውስጥ ባለ 12 ፎቅ መኖሪያ ህንፃ በለሊት በከፊል ተደርምሶ 98 ሰው ሞቷል። ከመደርመሱ ሦስት አመት በፊት በ2018 ህንፃውን ያየ መሐንዲስ ከመዋኛ ገንዳው አካባቢ ስር ያለው የውሃ መከላከያ ሽፋን እንደተበላሸና ከሱ በታች ያለውን ኮንክሪት ክፉኛ እየጎዳው እንደሆነ በሪፖርት ጽፎ ነበር። ወጪው ከባድ ስለነበር ነዋሪዎቹ ሲከራከሩ ቆይተው ዋናው የኮንክሪት ጥገና ሳይጀመር ነው የወደቀው። መርማሪዎቹ በኋላ የዲዛይኑም ድክመት እንደነበረበት ተናግረዋል፣ ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የውሃው ነው ማለት አይቻልም፣ ግን ማስጠንቀቂያው ተጽፎ እጃቸው ላይ ነበር።

ኤሌክትሪክ እየሰራ እያለ ለምን እነካዋለሁ?

የኤሌክትሪክ ክፋቱ እስከሚያቃጥልበት ደቂቃ ድረስ በትክክል መስራቱ ነው። ሽቦ ውስጥ ከረንት ሲያልፍ ሙቀት ይፈጠራል፣ ሙቀቱ ደግሞ ከረንቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ሁለት እጥፍ አይደለም የሚሆነው፣ አራት እጥፍ ነው። ድሮ ለአምፖልና ለሬዲዮ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ አዲስ ምድጃ፣ ቦይለር፣ የልብስ ማጠቢያ ሲደራረብበት ምን እንደሚሆን አስቡት። 3,000 ዋት የሚጎትት እቃ በ220 ቮልት ላይ ብቻውን ወደ 14 አምፒር ይወስዳል።

ሽቦው ራሱ ደህና ሆኖም ሶኬት ውስጥ ያለች አንዲት ብሎን ከላላች እዛች ነጥብ ላይ ሙቀት ይከማቻል። ምልክቶቹ ቀላል ናቸው፣ በእጅ ሲነካ የሚሞቅ ሶኬት፣ ቡኒ የሆነ ፕላስቲክ፣ የተቃጠለ ሽታ፣ ከባድ እቃ ሲሰካ ፈዘዝ የሚል መብራት፣ ቶሎ ቶሎ የሚወርድ ብሬከር። ብሬከር ሲወርድ ተናዶ ከፍ ባለ አምፒር የሚቀይር ወይ በፊውዙ ቦታ ሽቦ የሚጠመዝዝ ሰው አለ፣ ወንድሜ ብሬከሩ እኮ ሽቦውን ለመጠበቅ የተቀመጠ ነው፣ እሱን ስታሳድገው ቀጥሎ የሚቃጠለው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

ሌላው ተራ ብሬከር ሽቦውን እንጂ ሰውን ከመጨበጥ አያድንም። ሰውን የሚያድነው 30 ሚሊ አምፒር ከመስመሩ ሾልኮ ሲወጣ ወዲያው የሚያጠፋው መሳሪያ ነው፣ የቴስት ቁልፍ ፊቱ ላይ ያለው። የሳሎን ሻንዴሊየር ከመግዛታችሁ በፊት እሱ መኖሩን እዩ፣ ካለም ቁልፏን ተጭናችሁ እንደሚሰራ አረጋግጡ፣ ኧርዝም መኖሩን ኤሌክትሪሺያኑን አስለኩት።

ቧንቧና ፍሳሽስ?

እዚህ ብዙ አልቆይም ምክንያቱም ቧንቧ እንደሌሎቹ አይደበቅም፣ ቢል ይልካል። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን ወደ 20 ሊትር ያፈሳል። የማይታይ ማፍሰስ መኖሩን ለማወቅ ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉና የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ፣ ሁለት ሰዓት ማንም ውሃ ሳይነካ ቆይታችሁ እንደገና እዩት፣ ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ውሃ እየሄደ ነው። የሽንት ቤት ታንከር ውስጥ ደግሞ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉበት፣ ሳትለቁት ሩብ ሰዓት ቆይቶ ሳህኑ ውስጥ ቀለም ካለ የውስጧ ጎማ አትዘጋም ማለት ነው።

ቦይለር ላይ ያለችውን ግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ጠብ ጠብ ትላለች ብሎ የሚደፍናት ሰው አለ፣ ይሄን በጭራሽ አታድርጉ፣ ታንኩ እንዳይፈነዳ የተቀመጠች እሷ ናት፣ ጠብታው ከበዛ ባለሙያ ያይላችሁ። ሴፕቲክ ታንክ ካላችሁ በአማካይ በየ3 እስከ 5 አመቱ መመጠጥ አለበት፣ እስኪሞላ ከተጠበቀ ዝቃጩ ወደ ማስረጊያው (ውሃው ወደ አፈር ወደሚሰርግበት ቦታ) ያልፍና አፈሩን ይደፍነዋል፣ ያኔ መመጠጥ ብቻ አያድነውም አዲስ ማስረጊያ መቆፈር ነው።

ታዲያ ቅደም ተከተሉ እንዴት ነው?

ሰው ሊገድል የሚችለው ዛሬውኑ ነው፣ ነገ አይባልም። የጋዝ ሽታ፣ ብልጭ የሚል ሶኬት፣ የጎበጠና ውሃ ያዘለ ኮርኒስ፣ የሚወዛወዝ የደረጃ መደገፊያ፣ ቤት ውስጥ የሚመለስ ፍሳሽ። ከዚህ ቀጥሎ ከውጪ የሚገባውን ውሃ ማስቆም ነው፣ ከላይ ወደ ታች፣ ጣሪያ ከዛ አሸንዳ ከዛ የግቢው መሬት። ስንጥቅና መሠረት የሚጠገነው ውሃው ከቆመ በኋላ ነው፣ አለበለዚያ የጠገናችሁት መልሶ ይከፈታል (መደርመስ የሚያሰጋ ከሆነ ግን መሐንዲሱ ከሁሉም ይቀድማል)። ቀጥሎ በግድግዳና በወለል ውስጥ የሚያልፉት፣ ቧንቧና ኤሌክትሪክ። ከዛ ልስን፣ ከዛ ሴራሚክ፣ ከዛ ቀለም።

ይሄ ቅደም ተከተል የአስፈላጊነት ብቻ አይደለም፣ የመድረስም ጉዳይ ነው። ፊኒሺንግ ማለት ሌላውን ሁሉ የሚሸፍነው የመጨረሻው ንጣፍ ነው፣ ከስሩ ያለው ሲበላሽ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው። አዲስ ሴራሚክ ከተነጠፈ ከስድስት ወር በኋላ ከስሩ ያለው ያረጀ ቧንቧ ሲፈነዳ ሁለት ጊዜ ነው የሚከፈለው፣ ያን ሴራሚክ ደግሞ ያን ቀለምና ያን ልክ መልሶ ገበያ ላይ ማግኘት ሌላ ፍዳ ነው።

ቀለምና ውበት ዋጋ የላቸውም ማለት ነው?

እንደሱ አልወጣኝም። ውጪ ያለ የእንጨት መስኮትና የብረት በር ላይ ቀለም ጌጥ አይደለም፣ ውሃና ፀሐይ የሚከላከል ልብሳቸው ነው፣ ሲላላጥ ቶሎ መቀባት ያለበት ጥገና ነው። ሻወር ዙሪያ ያለው ሲሊኮንና በሴራሚኮች መካከል ያለው ሙሊትም እንደዛው፣ ጠቁሮ ሲሰነጠቅ ለመልክ ተብሎ ሳይሆን ከጀርባው ውሃ እንዳይገባ ነው የሚታደሰው። በተቃራኒው ደግሞ ትልቅ ወጪ ሆኖ ማስዋብ ብቻ የሆነ ስራ ሞልቷል። ስለዚህ ስራውን በስሙ ሳይሆን በሚሰራው ነገር መዝኑት።

የሚያምር ቤት ውስጥ መኖር ደግሞ ነውር አይደለም፣ ሰው ከስራ ደክሞ ሲገባ አይኑ የሚያርፍበት ይፈልጋል። ብልህ የሆነ ሰው ውበቱን ከጥገናው ጋር ያያይዘዋል። መታጠቢያ ቤቱ ለቧንቧ መሰበሩ ካልቀረ የምትፈልጉትን ሴራሚክ ያኔ አስገቡት፣ ኮርኒሱ ለጣሪያው መነሳቱ ካልቀረ የመብራቱን ቦታ ያኔ ቀይሩት፣ ለሰራተኛና ለማፍረስ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ይሆናል።

ብሩ ካልበቃኝስ?

መጀመሪያ ጉዳቱ እንዳይራባ አቁሙት፣ መጠገኑ በኋላ ይደርሳል። አሸንዳ መጥረግ ነጻ ነው፣ ከግድግዳ ጥግ አፈር መግፋት ጉልበት ነው የሚፈልገው፣ የሚያፈሰውን ቧንቧ በቫልቩ መዝጋት፣ የሚሞቀውን ሶኬት መስመር ከብሬከሩ ማጥፋት፣ ጣሪያው ላይ ሸራ መወጠር፣ እነዚህ ጊዜ ይገዙላችኋል። የኤሌክትሪክ ሳጥን መክፈት፣ ጋዝ መነካካትና ግድግዳ ማፍረስ ግን ለባለሙያ ነው፣ በተለይ ግድግዳው ጭነት የተሸከመ ይሁን አይሁን ሳይታወቅ።

ለወደፊቱ ደግሞ ብዙ አገር የሚጠቀሙበት ግምታዊ ልክ አለ፣ የቤቱን ዋጋ 1 በመቶ ያህል በየአመቱ ለጥገና ለብቻ ማስቀመጥ፣ ያረጀ ቤት ከዚህም በላይ ይፈልጋል። ያን ያህል ባትችሉም የሆነ ነገር ለብቻው መቀመጡ ራሱ ትልቅ ለውጥ ነው፣ ምክንያቱም ጣሪያው ሲቀደድ የሶፋው ብር አይነካም።

ውሃው ከቆመ በኋላስ ቀቢው መቼ ይጠራ?

ቶሎ አይደለም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ጣሪያው ወይ ቧንቧው በተጠገነ ማግስት ግድግዳው ከላይ የደረቀ ይመስላል ግን ውስጡ ገና ርጥብ ነው፣ የተለመደው ግምት ለእያንዳንዱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል የግድግዳ ውፍረት አንድ ወር ገደማ ነው፣ እንደ አየሩና እንደ ግድግዳው አይነት ሊረዝምም ሊያጥርም ይችላል። ለማረጋገጥ ክንድ በክንድ የሚሆን ላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጎን በፕላስተር አሽጋችሁ ለጥፉና አንድ ቀን ሙሉ ተዉት። ስታነሱት ላብ የያዘው ከግድግዳው በኩል ያለው ፊት ከሆነ ግድግዳው ገና እየተነፈሰ ነው፣ ጠብቁ። ላቡ በክፍሉ በኩል ባለው ፊት ከሆነ ችግሩ የቤቱ አየር ነው፣ መስኮት ክፈቱ። ሁለቱም ፊት ደረቅ ከሆነ ቀለም ምረጡ።